የአንድ ጥይት ፈቃድ

የጠመንጃ መስኮቱ ከአውሮፕላን ማረፊያው አዳራሽ መጨረሻ፣ ከቤት እንስሳት መስኮት ቀጥሎ ነው። በፊት አስከሬን የሚረከቡበት ነበር። አስከሬን በአውሮፕላን እንዳይጓዝ ከተከለከለ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ሰው የሚቀበረው በሞተበት ከተማ ነው። ጠመንጃ ግን የአደን ፈቃድ ካለው ይጓዛል።

ማኅደር አላምረው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሁለተኛ ተሰላፊ ሆና ቆማለች። ሠላሳ ዓመቷ ነው። የውሃ ጥራት መርማሪ ናት፤ ጠመንጃ ተኩሳ አታውቅም። ቢጫ ሹራብ የለበሰችው አውቃ ነው፤ ጥቁር የለበሰ ሰው ከዚህ መስኮት ይመለሳል። አባቷ ከሞቱ ዛሬ ሠላሳ ስምንት ቀናቸው ነው።

ጠመንጃው የእሳቸው ነው፤ ሰደፉ በእጅ ብዛት የጠቆረ አሮጌ ምንሽር። እንደ ማንኛውም ሰው ጠመንጃ ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረው በመንግሥት የጠመንጃ ማደሪያ ውስጥ ነው። አባቷ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እየሄዱ ይጠይቁት ነበር። ለአንድ ጠያቂ ሩብ ሰዓት ይፈቀዳል፤ ዘይትና ጨርቅ እዚያው ይሰጣል። ማኅደር ልጅ ሳለች አብራቸው ሄዳለች። ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ሽማግሌዎች ተደርድረው፣ እያንዳንዱ የራሱን ጠመንጃ ጭኑ ላይ አጋድሞ ይወለውል ነበር፤ ማንም ከማንም ጋር አይነጋገርም። ደወሉ ሲደወል ሁሉም አስረክበው ይወጣሉ። ባለቤቱ የሞተ ጠመንጃ በአርባኛው ቀን ይቀልጣል። ከዚያ በፊት የሚወጣበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ አደን።

ከፊቷ የቆመው ወፍራም ሰውዬ ዞር ብሎ አያት።

«የመጀመሪያሽ ነው?»

«አዎ።»

«ምን ልትገድዪ ነው?»

«ድኩላ።»

«እኔ ዘንድሮ አምስተኛዬ ነው። ሳሎኑ ሞልቶ ሚስቴ አንዱን ቀንድ ኩሽና አስገባችው። ድስት ታንጠለጥልበታለች!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ በመስታወት ሳጥኑ ውስጥ የተኛውን ምንሽር አየና ጎንበስ አለ። «ይቺ ማነጣጠሪያ የላትም እንዴ?»

«የላትም። በዓይን ነው።»

«በዓይን!» ከኋላዋ ወደተሰለፈው ሰው አንገቱን አሰገገ። «ሰማህ ወንድሜ? በዓይን ነው አለች እኮ!» ደግሞ ወደ እሷ ተመለሰ። «አይዞሽ፣ ስቀልድ ነው። የኔዋ ራሷ ታያለች፣ ራሷ ትወስናለች። እኔ ጣቴን ነው የማውሳት። በዚህ ዘመን የሚስት የለም እህቴ።»

ማኅደር ፈገግ አለች። ፈገግታዋን ለዚህ ቀን ተለማምዳዋለች።

ተራዋ ሲደርስ የመስኮቷ ሠራተኛ ራሷን ሳታቀና መጠየቅ ጀመረች።

«ጠመንጃውን ያሸገው ማነው?»

«ማደሪያው።»

«ጥይት?»

«አንድ።»

«ለምን እንስሳ?»

«ለድኩላ። ወንድ፣ ዕድሜው የደረሰ።»

«በዚህ ጥይት ከድኩላው ሌላ ሊያደርጉት ያሰቡት ነገር አለ?»

«የለም።»

«ሐዘን ላይ ነዎት?»

ማኅደር ወረቀቷን በመስኮቱ ሥር አሳለፈች። ወረቀቱን ያገኘችው የሐዘን ባለሙያ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ነው። በመጨረሻው ቀን ባለሙያው ስለ አባቷ ለአሥር ደቂቃ ሳታቋርጥ እንድትናገር ጠየቃት፤ ተናገረች። ከዚያ በፊት ለአራት ቀን መስታወት ፊት ስታጠናው ነበር። ወረቀቱ «ሐዘኗን አጠናቃለች» ይላል፤ ማኅተምም አለው።

ሠራተኛዋ አሁን ገና ቀና አለች። በመስኮቱ ላይ ያለችው ትንሽ የካሜራ መነጽር የማኅደርን ፊት ከላይ እስከ ታች አየች። ማኅደር ስለ ውሃ አሰበች፤ ስለ ክሎሪን መጠን፣ ስለ ናሙና ጠርሙሶች። አረንጓዴ መብራት በራ።

«እንኳን አጠናቀቁ» አለች ሠራተኛዋ። አሁን አሁን የሚባለው እንደዚያ ነው።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለች ማኅደር። ሁለት የመሳፈሪያ ወረቀት ተሰጣት። አንዱ የእሷ፣ አንዱ የጠመንጃው። የጠመንጃው የመመለሻ ሰዓት ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው።

ወደዚህ መስኮት ለመምጣቷ ምክንያት አክስቷ እታፈራሁ ናት፤ የአባቷ ታላቅ እህት፣ ወንድሟን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት። የምትኖረው ቆቅ ውሃ ነው፤ የማኅደር አባትም የተወለዱት እዚያ ነው። በቆቅ ውሃ ባለ ጠመንጃ ሰው ሲሞት ጠመንጃው ይጮኻል። ጠመንጃው ካልጮኸለት ለቅሶው አይነሳም፤ ሐዘንተኛውም መሬት ከመተኛት ወደ መደብ አይወጣም። ደንቡ ከማንም ሕግ ይበልጣል ባይባልም፣ እታፈራሁን ሌላ ደንብ ያስተማራት ሰው የለም። የማኅደር አባት በከተማው መካነ መቃብር ሰባተኛ ፎቅ ላይ ተቀበሩ። ማኅደር መርዶውን ለአክስቷ በስልክ አሰማች።

«ቀበራችሁት?» አለች እታፈራሁ።

«ቀበርነው እትዬ።»

«እናንተ ቀበራችሁት። እኔ መቼ ሰማሁ? ጠመንጃው ሳይጮህ መደብ አልወጣም።»

ያን ቀን ከመደቡ ወርዳ ጭድ ላይ ተኛች። በሃያኛው ቀን ጎኗ ቆሰለ። የምትቀምሰው በሶና ውሃ ብቻ ሆነ። የጤና ሠራተኛዋ መጥታ ደረቷን አዳመጠችና ያ ቀዝቃዛ መሬት ረጅም ጊዜ እንደማያኖራት ተናገረች። ይህን ለማኅደር የነገራት ታናሽ አጎቷ ምንይችል ነው፤ አክስቷ እንዳትሰማ ከግቢ ወጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስከ አርባ አትደርስም ልጄ» አላት።

ያን ጊዜ ነው ማኅደር የአደን ደንቡን ማንበብ የጀመረችው። አሥራ ሁለት ጊዜ አነበበችው። የአደኑ ጫካ ጠርዝ ከአክስቷ ቤት ስድስት መቶ እርምጃ ይርቃል። ለሥርዓት መተኮስ ክልክል ነው፤ ለአደን ተኩሶ መሳት ግን ክልክል ነው የሚል የትም አላገኘችም። አንቀጽ አሥራ አራት ብቻ ትንሽ አስጨነቃት፦ «አዳኝ ተኩሶ ግዳዩ ካልወደቀ እንስሳው እንደቆሰለ ይቆጠራል፤ የቆሰለ እንስሳ በጫካ አይተውም።» ደጋግማ አሰበችበት። ይፈልጋሉ ማለት ነው። የቆሰለ ከሌለ ምን ያገኛሉ? ፈልገው ይተዉታል። ናሙናው ንጹሕ ከሆነ ውጤቱም ንጹሕ ነው። እንዲህ ብላ የፈቃድ ማመልከቻውን ፈረመች።

በአውሮፕላኑ ውስጥ ጠመንጃዎቹ ከፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ባለቤቶቻቸው ከኋላ። አራት ጠመንጃና ከአስተናጋጇ ጋር አምስት ሰው ነበሩ። አስተናጋጇ የእያንዳንዱን ሳጥን ቀበቶ ከሰዎቹ ቀበቶ በፊት አጠበቀች። ወፍራሙ ሰውዬ እንቅልፍ ወሰደው። ማኅደር ከአራት ወንበር በስተኋላ ሆና የምንሽሩን ሰደፍ አየች፤ አባቷ ጉንጫቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ከሌላው ይልቅ ያብረቀርቃል። ዓይኗን መለሰች። ጣራው ላይ መነጽር ነበር።

ቆቅ ውሃ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ አስፋልትና አንድ ክፍል ነው። ምንይችል ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጠበቃት። ካየችው ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ጥርሱ ጎድሏል፣ ቀልዱ ግን ባለበት ነው።

«ማነሽ? አንቺ ነሽ ጠመንጃ የያዝሽው? አባትሽ ቢያይሽ ከሳቅ ብዛት ዳግመኛ ይሞት ነበር!»

ከዚያ የአጥሩን ሽቦ በሁለት እጁ ያዘና ማልቀስ ጀመረ። ማኅደር አብራው እንዳታለቅስ ከንፈሯን ነከሰች።

«ጋሼ፣ እትዬ እንዴት ናቸው?»

«ትናንት በሶውንም ተወችው። ዛሬ እንደምትመጪ ነግረናት ጆሮዋን አቁማ ተኝታለች። በጥንቱ ሰባት ጥይት ነበር የሚተኮሰው። ስንት ይዘሻል?»

«አንድ።»

«አንድም ትበቃለች» አለ ምንይችል። እንባውን በጋቢው ጠረገ።

የጫካው ጠባቂ ቻላቸው ይባላል፤ የማኅደር እኩያ ነው፣ ደንቡን በቃሉ ያውቃል። ሳጥኑን ከከፈተላት በኋላ ጥይቷን በመዳፉ ይዞ ማንበብ ያለበትን አነበበ።

«ጠመንጃው ወደ መኖሪያ ቤት አይገባም። ተኩሱ ከጫካው ክልል አይወጣም። ለለቅሶ፣ ለሠርግ ወይም ለሌላ ሥርዓት ከተተኮሰ የአቅራቢያው መንደር የሣር አጨዳ ፈቃድ ለአሥር ዓመት ይሰረዛል። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።»

የቆቅ ውሃ ከብት የሚኖረው ከጫካው በሚታጨደው ሣር ነው። ምንይችል ከአጥሩ ባሻገር ዓይኑን ሰማይ ላይ አድርጎ ያፏጫል።

ማኅደርና ቻላቸው በእግር ሄዱ። ቻላቸው ከኋላዋ ሃያ እርምጃ መራቅ አለበት፤ ራቀ። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ረዥም ነው፣ ሥሩ እርጥብ። ማኅደር የጫካውን ጠርዝ ተከትላ የመንደሩ ቆርቆሮ ጣራዎች እስኪታዩ ድረስ ሄደች። የአክስቷን ጣራ ለየችው፤ አንድ ጥጉ ዝጓል። ነፋሱ ወደ መንደሩ ይነፍሳል። ይህንንም አስልታ ነበር የመጣችው።

«ድኩላ ይታይዎታል?» አለ ቻላቸው ከኋላ።

«ይታየኛል» አለች ማኅደር። ፊት ለፊቷ አስታ ብቻ ነበር።

ሰደፉን ትከሻዋ ላይ፣ ጉንጯን በአባቷ ጉንጭ ቦታ ላይ አደረገች። ዘይት ዘይት ይሸታል፤ የቅዳሜ ሽታ። አፈሙዙ ከአስታው በላይ፣ ከተራራው በላይ እስኪሆን ድረስ ቀስ እያለ ከፍ አለ። ቃታውን ሳበችው።

ድምፁ ካሰበችው በላይ ትልቅ ነበር። ተራራው ተቀብሎ መለሰው፤ ሌላው ገደል ደግሞ ከዚያ ተቀበለ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ትከሻዋ ተቃጠለ።

ቻላቸው አጠገቧ ደረሰ። በክንዱ ላይ የታሰረችውን ትንሽ የመረጃ ሰሌዳ አየ፤ ደግሞ እሷን አየ።

«አልወደቀም» አለ።

«ሳትኩት።»

«ሰባት ዓመት ስሠራ የሳተ ሰው አይቼ አላውቅም። እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት።» ከቀበቶው ላይ መዳፍ የምታህል ግራጫ በራሪ መሣሪያ ፈታና ወደ ላይ ለቀቃት። ድምፅ የላትም። አፈሙዙ ባመለከተበት አቅጣጫ ሄደች።

«የቆሰለውን ልትፈልግ ነው?»

«ልትጨርስ ነው። መስመሩ ላይ ለተገኘው ቅርብ ድኩላ ነው የምትሄደው።»

«ቁስል ከሌለውስ?»

«ቁስል አትፈልግም፤ ድኩላ ነው የምትፈልግ። አንድ ጥይት ወጥቷል፣ አንድ ድኩላ መውደቅ አለበት። ቁጥሩ እንዲያ ነው የሚገጥም።»

ማኅደር አንቀጽ አሥራ አራትን በልቧ እንደገና አነበበችው። ቃሎቹ አልተለወጡም። እሷ ነበረች የቆሰለ የሚለውን ቃል የቆሰለ ማለት ነው ብላ የወሰደችው።

ቻላቸው ድምፁን ቀነሰ። ንግግሩም ተለወጠ። «እህቴ፣ የምትነግሪኝ ነገር ካለ አሁን ንገሪኝ። ወደ ሰማይ ነው ካልሽ ላስቆማት እችላለሁ። ያን ጊዜ ግን እጽፋለሁ፤ ካልጻፍኩ አላስቆምም። ሁለት ደቂቃ አለሽ።»

ማኅደር አፏን ከፈተች። በዚህ ጊዜ ከመንደሩ፣ ከዛገው ጣራ በኩል ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ብቻውን ነበር፤ ቀጭን፣ ያረጀ፣ የተሰነጠቀ።

«ወንድሜ! ወንድም ጋሻዬ! አላምረው!»

ከዚያ ሌሎቹ ተቀበሉ። ሴቶቹ በአንድ ላይ፣ ወንዶቹ ከሥር። ውሾች ጮኹ። ሠላሳ ስምንት ቀን የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ የአባቷም ስም በተራራው ላይ ተመላለሰ። በከተማው ለቅሶ ላይ ማንም ስማቸውን ጮኾ አልጠራም ነበር፤ የመካነ መቃብሩ ደንብ ከሹክሹክታ በላይ አይፈቅድም። ማኅደር መናገር እንዳለባት ታውቃለች። ሣሩን አሰበች፤ ምንይችልን፣ በበጋ ያለ ሣር የሚቀሩትን ከብቶች። ግን ዝም ያሰኛት ያ ብቻ አልነበረም። መስማት ፈለገች። ስሙ እስኪያበቃ ድረስ ብቻ። ጠመንጃውን አቅፋ ቆመች፤ እንባዋ ወረደ፤ እዚህ መነጽር አልነበረም።

የቻላቸው ሰሌዳ አንዴ ጮኸች።

«አበቃ» አለ።

ድኩላዋ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ርቃ፣ አንድ ኮሶ ሥር በጎኗ ተኝታ ነበር። ፀጉሯ ላይ ምንም የለም፤ አንገቷ ላይ የመርፌ ነጥብ ብቻ። ዓይኗ ክፍት ነው። አፏ ውስጥ ያልተዋጠ ቅጠል ነበር።

«ሴት ናት» አለች ማኅደር። «ፈቃዱ ለወንድ ነው።»

«ለቆሰለ ጾታ አይጠየቅም። እዚህ ጋ ፈርሚ። ‹የመታኋት ድኩላ ይህች ናት› ነው የሚለው።»

ፈረመች። ስሟን አስተካክላ ነው የጻፈችው፤ ይህን በኋላ ብዙ ጊዜ ታስታውሰዋለች።

ጠመንጃውን ቻላቸው ሳጥኑ ውስጥ መልሶ አሸገውና ማኅደር ለአንድ ሰዓት መንደር እንድትገባ ተፈቀደላት። የአክስቷ ግቢ በሰው ተሞልቷል። እታፈራሁ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን ቀይራ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ጭዱ ተጠርጎ ወጥቷል። አንዲት ጎረቤት ገንፎ በትንሽ በትንሹ ታጎርሳታለች። ማኅደር ጉልበቷን ሳመች።

«ሰማሁት» አለች አክስቷ። እጇ የማኅደርን ፊት ዳበሰ። «እንደ ድሮው ነው የጮኸ። ከሲታ ሆነሽ እንዴት ቻልሽው? ትከሻሽን አላመመሽም?»

«አላመመኝም እትዬ።»

«ሰማይ ላይ ነው የተኮስሽው አይደል?»

«አዎ፣ ሰማይ ላይ ነው።»

«ደግ። ደግ አደረግሽ። በይ ብዪ።»

ምንይችል ከበሩ ሥር ሆኖ «አባቷን ነው የወጣችው! አባቷም አንድ ጥይት አያባክንም ነበር» አለ፤ ሰዎቹ ሳቁ። ማኅደር ጎረሰች። ካልጠየቁኝ የድኩላዋን ነገር አልናገርም ብላ አሰበች። ከአንድ ሰዓት በኋላ እሄዳለሁ፤ እሳቸውም ያገግማሉ።

ቻላቸው በሩ ላይ የቆመው ያን ጊዜ ነው። ነጭ ከረጢት ይዟል። የሚያየው ወለሉን ነው።

«ይቅርታ እናቴ። ደንቡ ነው። ከግዳዩ ሩቡ ለቅርብ ቤት ይሰጣል።»

«የምን ግዳይ?» አለች እታፈራሁ።

«የድኩላ።»

አሮጊቷ እጇን ዘረጋችና ከረጢቱን ተቀበለች። ከፍታ አየች፤ አሸተተች።

«ማን ባረከው? ቢላ የያዘው ማነው?»

«ቢላ የለም እናቴ። በመርፌ ነው።»

«እንግዲያ በክት ነው። በክት ነው ለለቅሶ ቤት የምታመጣ?»

«ተይው በቃ፣ ለውሻ ይሆናል» አለ ምንይችል።

እታፈራሁ አልሰማችውም። ማኅደርን እያየች ነበር። «ሰማይ ነው አላልሽኝም?»

«ሰማይ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ከሰማይ ነው የወረደ?»

ማኅደር የውሃ ውጤት ስትጽፍ እንደምታደርገው በአጭር በአጭሩ ተናገረች፤ ስለ ጥይቱና ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ሁለቱ ደቂቃ። ስለ ራሷ ዝምታም ተናገረች። ቻላቸው ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ እንዳልሰማ ሆነ። የመንደሩ ሣር የሚተርፈው እሱ ካልሰማ ብቻ ነውና ማንም አልጠራውም።

«ወንድ ነው ሴት?» አለች አክስቷ።

«ሴት ናት።»

«ግልገል ነበራት?»

«አላውቅም እትዬ።» እውነቷን ነው። ማንም ፈልጎ አላየም።

እታፈራሁ ከረጢቱን በጥንቃቄ ዘጋችው። «ያዥኝ» አለች። ማኅደር ወደ ውጭ መውጣት የፈለገች መስሏት ብብቷን ደገፈቻት። ክብደት የላትም። አሮጊቷ ግን ወደ በሩ አልሄደችም። አንድ እጇን መደቡ ላይ አሳርፋ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ቀስ እያለች ወረደችና ባዶው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ኧረ እትዬ! ምን ነካዎት?» ጎረቤቷ ሳህኑን አስቀምጣ ተነሣች። «ለድኩላ ለቅሶ አለ እንዴ? ሰው ይስቅብናል!»

«ይሳቅ። ወንድሜ ይኸው ጠመንጃው ጮኸለት፤ አገር አለቀሰለት። እሷ ማን አላት?»

ምንይችል ሊያነሣት ጎንበስ አለ፤ እጁን ገፋችው። ማኅደር አጠገቧ ተንበረከከች። መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜው በሱሪዋ በኩል ወዲያው ገባ።

«እህቴ» አለ ቻላቸው ከበሩ። «የጠመንጃው ሰዓት ደርሷል። አውሮፕላኑ እሱን አይጠብቅም፤ አንቺ ከሌለሽ ደግሞ እሱ አይሳፈርም።»

አክስቷ ነጠላዋን ዝቅዝቅ አድርጋ ለበሰች። ከዚያ ወደ ማኅደር ዞረች፤ ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም፤ ለማወቅ የምትጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ። ለድኩላ ስንት ቀን ነው የሚቀመጡላት?»

ማኅደር ከመሬቱ አልተነሣችም። ቻላቸው ሁለተኛ ጠራት።